ውጤቱ በየት ሄደ

የምርመራ ውጤት የሚያስተላልፈውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ያስቀመጡት መወልወያና ባልዲ የሚከማችበት ጓዳ ውስጥ ነው። ገና በሩን ስከፍተው የረጠበ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ኪቦርዱ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቅባት ተጋግሯል። በሰው ደም የሚሠራ ላብራቶሪ ነው እንግዲህ!

ታላቅ እህቴ የዚህ ቅርንጫፍ ላብራቶሪ ኃላፊ ናት። ሰሞኑን የምትልከው የምርመራ ውጤት ዋናው ላብራቶሪ አይደርስም፤ እዚያ ያሉት ሐኪሞች ይጮኻሉ፣ በሽተኛ ይጉላላል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ውጤቱን አልላከችም፣ ቸልተኛ ናት ብሎ ከሷታል። ከሰዓት በኋላ ስለ እሷ ከዋናው ላብራቶሪ ጋር ስብሰባ አለ፤ ልትባረር ነው። የእኔ ሥራ ኔትወርክ ስለሆነ ጠራችኝ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ልኬያለሁ። ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«አምንሻለሁ እታለም። እስቲ ማሽኑን ልጠይቀው።»

ሁለቱን ላብራቶሪዎች የሚያገናኛቸው ቪፒኤን ነው፤ በኢንተርኔት ውስጥ የተዘረጋ የግል ዋሻ በሉት። መጀመሪያ እሱን አየሁ። ዋሻው ደህና ነው፣ ከወዲያኛው ጫፍ ጋር ሰላም ይባባላል። ከእኛ በኩል ግን አንድም ውጤት አልገባበትም። ሰርቨሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስን የምወደው ስለማይዋሽ ነው። ወደ ዋናው ላብራቶሪ በየት በኩል ነው የምትልከው ብዬ በትእዛዝ ጠየቅሁት። በዋሻው አላለኝም። በሁለተኛው የኔትወርክ መሰኪያ አለኝ።

እህቴ ሁለተኛ መሰኪያ መኖሩንም አታውቅም። ከሰርቨሩ ጀርባ ስዳብስ አቧራ የጠጣ ገመድ አገኘሁ፤ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል። ጫፉ ላይ ያለውን ዕቃ የሰካው ሰው ፋብሪካው የሰጠውን የአድራሻ ቁጥር እንኳ አልቀየረም፤ ዋናው ላብራቶሪም ያንኑ ቁጥር ይጠቀማል። ሁለት ሰፈር አንድ ስም ሲይዝ ፖስተኛ ቅርቡ ጋ ይሄዳል። ሰርቨሩም የበሽተኛውን ውጤት ሁሉ ኮርኒስ ውስጥ ላለ ሳጥን ሲያቀብል ከርሟል። እንዲህ ያለ የግዴለሽ ሥራ ያቅለሸልሸኛል።

ገመዱን ነቀልኩት። «በይ አሁን ላኪ» አልኳት። ወደ ክፍሏ ሮጠች።

ሳጥኑ ምን እንደሆነ ሳላውቅ መሄድ አልሆነልኝም። ገመዱን ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ ገጹን ከፈትኩ፤ የይለፍ ቃሉም የፋብሪካው ነው። የካሜራ መቅጃ ኖሯል። ምስሎቹ ተራ በተራ መጡ፦ መግቢያ በር፣ ኮሪደር፣ መቀበያ። የመጨረሻው ላይ የልብስ መስቀያ ይታያል። የእህቴ ቡናማ ሹራብ ተንጠልጥሏል። የሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጥርሱን እየጎረጎረ በሩ ላይ ቆሟል።

«ለሌባ ነው» አለ፣ ሳልጠይቀው። «ጓንት እየጠፋ አስቸገረን። ሰርቨሩ ላይ የሰካሁትም ከቤቴ ሆኜ እንድከታተል ነው።»

«ልብስ ማውለቂያ ውስጥ?»

ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ። «ስማኝ ወንድሜ። ካሜራውንም የውጤቱን መላኪያም ማሠራት ይቻላል፣ አይደል?»

ይቻላል። የሳጥኑን ቁጥር መቀየር ብቻ ነው፤ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አይፈጅም።

«እንግዲያው አስተካክለው። ስብሰባውን እኔ አስቀረዋለሁ፤ ጥፋቱ የኔትወርክ ነበር እላለሁ። እህትህም ሥራዋ ላይ ትቆያለች። ተግባባን?» ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። እጁ ሞቃትና እርጥብ ነው። ሸሚዜን እዚያው አውልቄ ብጥለው ደስ ባለኝ።

እህቴ በሩን በርግዳ ገባች። ፊቷ በርቷል። «ደረሰ! ሁሉም ደረሰላቸው! ምን ሆኖ ነው?»

ሰውየው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እውነቱን ለመናገር ደስታዋን ሳይ ለአንድ አፍታ ዝም ማለት ቃጣኝ።

«እታለም፣ ነይ ተቀመጪ» ብዬ ከወንበሩ ተነሣሁላት።

የላፕቶፑን ምስል አየች። ሹራቧን አወቀችው። የጋውኗ ቁልፍ እስከ ላይ ተቆልፎ ሳለ ኮሌታውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ዋናው ላብራቶሪ ደወለች።

«የከሰዓቱ ስብሰባ እንዳይቀር» አለች። «ውጤቱ የት ሲገባ እንደከረመ እኔ ራሴ አስረዳለሁ።»