የዋስዋ እጅ

ካምፓላ ውስጥ መንታ ሆኖ መወለድ ጥቅም አለው። ወንድሜ ዋስዋ ዩኒቨርሲቲ ሶሻል ወርክ ይማራል። እኔ ካቶ ከስድስተኛ ክፍል ተባርሬ በቦዳ ሞተር ሰው አመላልሳለሁ። መልካችን ግን አንድ ነው፤ እናታችን እንኳ እኔ ሳጠፋ እሱን ትገርፈው ነበር።

ወባ ሲጥለው "ዛሬ እኔን ሆነህ ክፍል ግባልኝ" አለኝ። ቀሪ እንዳይባል መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

"ዛሬ የሚወራው እንደኔ ስላለ ሰው ነው። ቢሩንጊ የምትለውን ስማልኝ። ደህና ነገር ከተናገረች ነገ እነግራታለሁ። ካንተ ሌላ የሚያውቅ የለም ካቶ፣ ደከመኝ በቃ።"

ዋስዋ የሚወደው ወንድ ነው። ቢሩንጊ ደሞ ካንድ ሳህን ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ አብራው የምትበላ የክፍል ጓደኛው ናት።

ሸሚዙን ለብሼ ፊት ወንበር ላይ ተኮፈስኩ። ያልገባኝን ሁሉ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ እጽፋለሁ። የምጽፈው የአርሴናልን አሰላለፍ ነው።

አስተማሪዋ "ወንድ የሚወድ ወንድ ቢሯችሁ መጥቶ እርዱኝ ቢልስ?" ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"በሩን እቆልፍበታለሁ!" አለ አንዱ።

"አንተማ አብረኸው እንዳትቆለፍ!" አለው ሌላው።

ቢሩንጊ ተነሳች። ድምጿ ለስላሳ ነው። "እኔ አዳምጠዋለሁ" አለች። ልቤ ዘለለች። "እስኪጨርስ አዳምጠዋለሁ። ከነማን ጋር እንደሚውል ቀስ አድርጌ እጠይቀዋለሁ። ከዛ ፖሊስ ጋ እደውላለሁ። ለራሱ ብዬ እኮ ነው።"

አጨበጨቡላት።

"ለፖሊስ የምትነግሩ እጅ አውጡ" አለች አስተማሪዋ። ክፍሉ እጅ በእጅ ሆነ። እኔ ብቻ ቀረሁ።

ቢሩንጊ ዞራ "ምነው ዋስዋ፣ ዘመድህ ነው እንዴ?" አለች። ሁሉም ዞሩ።

አወጣሁ።

ቤት ስገባ ዋስዋ ብርድ ልብሱን ጥሎ ቁጭ አለ። "እሺ፣ ምን አለች?"

እኔ ለደንበኛም ለትራፊክም እዋሻለሁ፣ ደስ ነው የሚለኝ። ይህን ብዋሸው ግን ነገ ሄዶ ይነግራታል። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

"እጅ አስወጣቻችሁ?"

"አዎ።"

"አንተስ?"

ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

"ደግ አደረግክ" አለኝ። "እኔም ብሆን አወጣ ነበር።" ከዛ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

ትኩሳቱ ሲለቀው በሞተሬ ዩኒቨርሲቲ አደረስኩት። ቢሩንጊ በር ላይ እየጠበቀችው ነበር።

"ዛሬ ደሞ ምነው ከሳህ፣ ወንድሜ?" አለችው።

ሳቅ ብሎላት አብረው ገቡ።