ታንኳ የጎተተች ላም

የነሐሴ ዝናብ የርብን ወንዝ ሞልቶት፣ ከወረታ በታች ያለው የታንኳ ወደብ እንደ ገበያ ይንጫጫል። የደንገል ታንኳዎች ውሃቸው እንዲንጠፈጠፍ በቆርቆሮው መጋዘን ግድግዳ ላይ ተደግፈው ቆመዋል፤ ወዛደሮች የገበሬ ማኅበሩን ጨው ከሚዛን እያወረዱ ወደ ዳር ያመላልሳሉ። በመካከላቸው እማማ አገኘሁሽ የላማቸውን የቦራን ገመድ ጨብጠው ይቁነጠነጣሉ። ማዶ ያለችው የልጅ ልጃቸው ማናዬ አራስ ናት፤ ከስታለች፣ ጡቷም ነጥፏል። ቦራ ካልተሻገረችላት የምትጠጣው ወተት የለም።

«ጥጃዋ ቀድማ ትሻገር፤ የላሟም ገመድ ይፈታ» አሉ የወደቡ ኃላፊ ጓድ አድማሴ። «እናት ልጇን ተከትላ ትዋኛለች። ደንባችን ነው።»

«ጎርፍ ቢወስድብኝስ?»

«የፎገራ ላም ናት እኮ እማማ! በዋና ከእኔ ትበልጣለች።»

«ትብለጥ እንጂ! እርስዎ ቢጠፉ ሌላ ኃላፊ ይሾማል። እሷ ብትጠፋ ለአራሷ ማን ይታለብላታል?»

ወዛደሮቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ጓድ አድማሴም አብረው ሳቁ።

ጥጃዋ በፊተኛው ታንኳ ሄደች። እማማ በኋለኛው፣ ጨው ላይ ተቀመጡ። ቀዛፊው አበረ ዞር ሲልላቸው ከቦራ አንገት ያልፈቱትን ገመድ ከታንኳው ጋር ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት። «እስቲ አሁን ጥፊ!» አሉ በሆዳቸው።

ቦራ ከጎናቸው እየዋኘች መሃል ሲደርሱ ጥጃዋ ከማዶ ጮኸች። ቦራ ጆሮዋን ቀሰረች፤ ከዚያማ ታንኳው ውሃውን እየሰነጠቀ ተፈተለከ። አበረ መቅዘፊያውን አንስቶ አየው፤ ሥራ የለውም።

«እማማ፣ ሞተር ገጥመው ነው እንዴ?»

«አርባ አራቱ ታቦት! አንተ ልጅ፣ አቁማት እንጂ!»

«በምኔ ላቁማት?»

ጤፍ የጫኑ ታንኳዎችን ጥለዋቸው አለፉ። «ኧረ ጠብቁን!» ይላሉ ቀዛፊዎቹ። እማማ መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ፤ ከዚያ በአንድ ዓይናቸው ሰረቅ አድርገው አዩ፤ ከዚያ ሳያስቡት እንደ ልጃገረድ ተንከተከቱ።

«ቅደሚያቸው ቦራዬ! ቅደሚያቸው!»

ማዶ ያሉት ሴቶች እልል አሉ። ቦራ ዳር ደርሳም አልቆመች፤ ታንኳውን ከነጨው፣ ከነእማማ እየጎተተች ሳሩ ላይ አወጣችና ጥጃዋን ትልስ ጀመር።

የማናዬ ባል ደሞዝ ጥጃዋን ጥቂት አጥብቶ ቦራን አለባት። ወተቱ አረፋ ደፍቆ ማለቢያውን ሞላ።

«ሩጥ፣ ሳይቀዘቅዝ አድርስላት!» አሉት እማማ። ሊነሳ ሲል ደግሞ፣ «ቀስ! ያዳልጥሃል! ክደነው! ኧረ ተወው፣ ወዲህ በለው!» ብለው ነጠቁትና፣ እየሳቁ ወደ ማናዬ ቤት ገሰገሱ።