ግጥም ሰጪዋ

«አበዛሽ፣ ተራው ተገፍቷል» አለች ረቭታል፣ የሬዲዮ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች። «የድምፅ መሣሪያ የጫነው መኪና ዘገየ። አባ አያና አሁን መጀመራቸው ቀርቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራሉ።»

አበዛሽ የተደራረቡትን የፕላስቲክ ወንበሮች አንድ በአንድ እየነቀለች ድንኳኑ ውስጥ ትደረድር ነበር። ቀና ሳትል፣ «ፀሐይ ስትጠልቅማ ሬኡት ናት» አለች።

«ሬኡት የት?»

«ትልቁ መድረክ ላይ ነዋ! ልጄ ትዘፍናለች!»

ከሙዚቃ በዓሉ አዘጋጆች አንዷ የነበረችው ረቭታል ዓይኗን ጨፈነች። እሷም እዚሁ እስራኤል፣ ሀደራ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን ከአያቷ የተማረች ልጅ ናት። «ውይ» አለች። «ሽማግሌዎቹን ወደ ድንኳኑ፣ ወጣቶቹን ወደ መድረኩ ብለን ነው የከፈልነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል ብሎ ማን ያስባል?»

አበዛሽ ወንበር መደርደሯን ቀጠለች። ከኢንዱስትሪ ዞኑ የመጣችው በቀጥታ ነው፤ ቤቷ ገብታ ፊቷን እንኳ አልታጠበችም። ከንጋት ጀምሮ ቃሪያ በሚያልፍበት የፋብሪካ ማንከባለያ ቀበቶ ፊት ቆማ የበሰበሰውን ከደህናው ስትለይ ውላለች። እግሯ ጫማዋ ውስጥ አብጧል። ዓይኗ ግን አሁንም ሥራ ላይ ነበር፤ እግሩ የተሰነጠቀ ወንበር እጇ ላይ ሲደርስ ሳታስበው ለይታ ወደ ጎን አደረገችው።

አባ አያና የባሏ አባት ናቸው። በአገር ቤት ሳሉ ሙያቸው ሽመና ነበር፤ ማሲንቆውን የተማሩት ከጎረቤት አዝማሪ ነው። ማሲንቆ መቺ ደግሞ ብቻውን አይሆንለትም። ከተሰብሳቢው መካከል አንድ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም የተሰጠውን ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ምስጋናም ይሁን ስድብ የተሰጠውን ግጥም አልቀበልም ማለት ነውር ነው። ለአባ አያና ከልጅነቱ ጀምሮ ግጥም ሲሰጣቸው የኖረው ልጃቸው፣ የአበዛሽ ባል ሰሎሞን ነበር። ሰሎሞን ልቡ ከድቶት ከሞተ ወዲህ ማሲንቆው የትራስ ልብስ ለብሶ ክፋር ብራንዳይስ ሰፈር ያለው ቤታቸው ውስጥ ከበር ኋላ ተሰቅሎ ከረመ።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ሽማግሌው ማሲንቆውን አውርደው ጭራውን ሲወጥሩ አየቻቸው። «ብመታውስ ማን ይሰጠኛል?» አሉ፣ ለራሳቸው። አበዛሽ ሰሐን እያጠበች ነበር። «እኔ እሰጥዎታለሁ» አለች። ቃሉ ከአፏ የወጣው እሷ ሳታስብበት ነው። ወጥቶ ግን አልተመለሰም።

አሁን ተራዎ ከልጅቱ ጋር ገጥሟል ብትላቸው የሚሉትን ታውቃለች። የልጅቱ ይበልጣል ይላሉ። ደስ ብሏቸው ይላሉ። ማሲንቆውን የትራስ ልብሱ ውስጥ ይከቱትና ዳግም አያወጡትም። በሌላ በኩል ደግሞ ሬኡት አለች። ሐሙስ ዕለት የወታደር ሻንጣዋን ተሸክማ ሀደራ ምዕራብ ከባቡር ወርዳ ቤት እንደገባች፣ አብረዋት የሚጫወቱት ጓደኞቿ አንድ ዘፈን እንደሰጧት ተናገረች። አንድ ብቻ፣ ሦስተኛውን። «ስለ አባቴ ነው» አለች፣ ፊቷን እንዳያዩባት የማቀዝቀዣውን በር ከፍታ ውስጡን እያየች። «ኢማ፣ ከፊት ቁሚ። ካላየሁሽ ድምፄ አይወጣም።»

አበዛሽ የቀሩትን ወንበሮች ትታ ወደ ትልቁ መድረክ ሄደች። ሣሩን አቋርጣ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች። ሬኡት ከመድረኩ ጀርባ ሽቦ እየጠቀለለች አገኘቻት።

«ኢማ! ገና እኮ ነን።»

«የአያትሽ ተራ ካንቺ ጋር ገጠመ።»

ልጅቱ ሽቦውን መጠቅለል አላቆመችም። «በሴደር» አለች።

«ምኑ ነው በሴደር?»

«በሴደር ነው አልኩሽ፣ ደህና ነው። እኔ ከኋላዬ የሚጫወቱ ሦስት ልጆች አሉልኝ። ሳባ፣ አያቴ፣ ካንቺ ሌላ ማን አለው?»

«አንቺስ? አላየሽኝም ማለት ነው።»

«ዓይኔን እጨፍናለሁ።» ከዚያ ቁልቁል ተመልክታ ሳቀች። «ይልቅ ጫማሽን ቀይሪ። የፋብሪካ ጫማ አድርጎ ወደ በዓል የሚመጣ ካንቺ ሌላ አላየሁም።»

አባቷም በሴደር የሚለው ነገሩ ሳይዋጥለት ሲቀር ነበር። አበዛሽ ይህን እያሰበች በመጣችበት ተመለሰች።

ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው መሰብሰብ ጀምረዋል። አባ አያና ፊት ለፊት ተቀምጠው ማሲንቆውን ይቃኛሉ። ረቭታል አጠገባቸው ጎንበስ ብላ ታስረዳለች።

«አበዛሽ ከደከማት፣ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ አለን። እሱ ያጅብዎታል።»

«ኪቦርዱ ግጥም ይሰጣል?» አሉ አባ አያና።

«ይሰጣል እንጂ!» አለች ከኋላ የተቀመጠችው ጎረቤታቸው ስንቄ። «መብራት እስኪጠፋ ድረስ!»

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። አበዛሽ ወደ ስንቄ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ ስንቄ፣ እርስዎ ቢሰጡላቸውስ?» አለቻት በሹክሹክታ።

ሹክሹክታው ግን ሽማግሌው ጆሮ ደርሶ ኖሯል። «ማን? ስንቄ?» አሉ። «ከሙሾ ሌላ ስታወጣ ሰምቻት አላውቅም። ሳልሞት ልታስለቅሰኝ ነው?»

«ተራህ ሲደርስ ደግሞ በነፃ ነው የማወጣልህ!» አለች ስንቄ።

ሰው እንደገና ሳቀ። አበዛሽ ግን በሳቁ መካከል የሽማግሌውን እጅ አየች። የተቃኘውን ጭራ ደግመው ደጋግመው ይቃኛሉ። ፈርተዋል። ከዚህ በኋላ ስለ ልጅቱ ለመናገር አንደበት አጣች። ሂሳቡ ከእንግዲህ ግልጽ ነው ብላ አሰበች፤ አንዷ ዓይኗን መጨፈን ትችላለች፣ እሳቸው ግን ያለ ግጥም አይችሉም። ሂሳቡ ልክ ነበር። ዓይኗ ግን ወደ ትልቁ መድረክ መመለሱን አልተወም።

ፀሐይዋ ከኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫዎች ኋላ ስትገባ አባ አያና ጀመሩ። በዚያው ቅጽበት ከማዶ፣ ከትልቁ መድረክ፣ ከበሮው ደለቀ።

«ይቀበሉ!» አለች አበዛሽ።

«በማሲንቆ ፊት አንቱታ የለም» አሉ ሽማግሌው ደጋኑን ሳያቆሙ። «ሰሎሞን አባቱ መሆኔን ረስቶ ነበር የሚጮህብኝ!»

እሷ ግን አማቷን አንተ ማለት አልሆነላትም። በዚያው ቀጠለች፦

«ባሕሩን ተሻግሮ ማሲንቆው ሲመጣ፣
እንደ ልጅ ታቅፎ ነው ካገሩ የወጣ!»

አባ አያና ተቀበሉ። ድምፃቸው መጀመሪያ እንደ ዛገ በር ተንቋቋ፤ በሁለተኛው ዙር ግን ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። አንዱ ትከሻውን ሰበቀ። ሳምንቱን ሙሉ ቃሪያ እየለየች በልቧ ያጠራቀመቻቸውን ግጥሞች ተራ በተራ ሰጠች። አንዱን ስለ ሸማኔ፣ አንዱን ስለ ሙቀቱ፣ አንዱን ስለ ስንቄ ምላስ። ሁሉንም ተቀበሉ።

ከማዶ የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ጭብጨባው ነፋሱን ተከትሎ መጣ። ሁለተኛው ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ አበዛሽ ባዶ ሆነች። ያጠራቀመችው ሁሉ ድንገት የት እንደገባ ጠፋባት። አባ አያና አንዱን ዜማ እያዞሩ ይጠብቃሉ፤ ደጋኑ ይሄዳል ይመለሳል፣ ይሄዳል ይመለሳል።

«ወዲህ በይ!» አሉ።

አበዛሽ ወደ መድረኩ ዞረች።

«ልጄ፣ ደከመሽ?»

ከማዶ ሁለተኛው ዘፈን ተቆረጠ። ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ ከዚያ ዝምታ። ሬኡት አሁን ወደ ማይክራፎኑ እየተጠጋች ነው። ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ከመጨፈኗ በፊት ግን ከፊት የቆሙትን አንድ ጊዜ ታያለች። ማየቷ አይቀርም።

«ተቀበል!» ብላ ጮኸች አበዛሽ።

ማጨብጨቡ ቆመ። ስንቄ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የልጅህ ልጅ ቆማ ከማዶ ስትጣራ፣
ተነሥ እንሂድ አባ፣ እንስማት በጋራ!»

አባ አያና ዐይናቸውን ከማሲንቆው አንሥተው አዩዋት። ደጋኑ ጭራው ላይ እንዳለ ቆመ።

«ሬኡት ናት?»

«አዎ። ስለ ሰሎሞን ነው የምትዘፍነው።»

«መቼ?»

«አሁን።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ዝም አሰኘሽ?»

«ማሲንቆውን መልሰው ይሰቅሉታል ብዬ ፈራሁ።»

ሽማግሌው ወደ ማዶ ተመለከቱ። የተሰጠ ግጥም ግን አልቀበልም አይባልም፤ ደጋኑን ሳቡና ተቀበሉት። ተነሥ እንሂድ የሚለውን ለራሳቸው አዜሙት፤ ሳይቸኩሉ ደገሙት፤ አዚመው ሲጨርሱ ተነሡ። ማሲንቆውን በብብታቸው ያዙ። የትራስ ልብሱን መሬት ላይ ትተውት ሄዱ።

ስንቄም ተነሣች። ጥቂት ካሰበች በኋላ የተቀመጠችበትን ወንበር አንሥታ ጀርባዋ ላይ አደረገች። «እዚያ መቀመጫ የለም፤ ወጣቶች እንደ ግመል ቆመው ነው የሚሰሙት» አለች። ሌሎቹም አዩዋትና ወንበር ወንበራቸውን አነሡ። አበዛሽ የአባ አያናን ወንበር ያዘች። ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ወንበር ተሸክመው፣ አንዱ አንዱን እየጠበቀ፣ በሣሩ ላይ ተጓዙ። ረቭታል መነጋገሪያዋን እንደያዘች ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ ሮጣ ከፊት ሆና መንገድ ታስለቅቅ ጀመር።

ሲደርሱ ጊታሩ መግቢያውን ሁለተኛ ጊዜ እየደገመው ነበር። ሬኡት ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ተጨፍኗል፤ አልጀመረችም።

«ሬኡት!» ብላ ተጣራች ስንቄ፣ ለሙሾ በለመደው ድምፅዋ።

ልጅቱ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ወንበሮቹን አየች፣ ቀጥላ አያቷን፣ ከዚያ እናቷን። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ጀመረች።

ዘፈኑ በዕብራይስጥ ነው። አበዛሽ ግማሹን ተረዳች፤ ሌላውን ግማሽ ከልጇ ፊት ላይ አነበበች። እየሰማችም ወንበሩን ሣሩ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችና እንዳይነቃነቅ በእጇ ተጭና ሞከረችው።

«ይቀመጡ፣ አባባ።»

«አንቺ ተቀመጪ።»

«እርስዎ ቆመው እኔ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ልጅቱን ነው የሚያየው። ከነጋ ጀምሮ ቆመሻል። በድንኳኑም ወንበር ደርድረሽ ስታበቂ አንዱ ላይ እንኳ አላረፍሽም፤ አይቼሻለሁ።»

«ኧረ አይሆንም! ነውር ነው።»

አባ አያና በደጋናቸው ጫፍ የወንበሩን መደገፊያ መታ መታ አደረጉ።

«ተቀበይ!» አሉ።

አበዛሽ ዞር ብላ ከኋላ የተኮለኮሉትን ሽማግሌዎች አየች፤ ከዚያ መድረኩ ላይ ያለችውን ልጇን። አማቷ ማሲንቆውን እንደታቀፉ አጠገቧ ቆመዋል። ተቀመጠች። ጎንበስ ብላም የፋብሪካ ጫማዋን፣ አንዱን ከሌላው በኋላ፣ አወለቀች።