ዓይኗን ጨፍና የሠራችው ሳጥን

በዚያ የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፕ ዓይኗን ጨፍና የምትሠራ እሷ ብቻ ነበረች። ድምፅ ስትፈትሽ ወንበሯን ወደ ኋላ ትገፋለች፣ እጇን ታጣምራለች፣ ዓይኗን ትከድናለች። ይህን ያስተማራት ዓይነ ስውሩ አባቷ ነው። ድሮ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ብርሃኑን ካጣ በኋላም የቱ ዕቃ እንደተበላሸ በጆሮው ብቻ ይለያል። እሷም የተማረችው ከሱና ሰው ከጣላቸው መጻሕፍት ነው። ይህንን ደግሞ ማንም እንዲረሳው አትፈቅድም።

በእግረኛ ማቋረጫ ላይ ለዓይነ ስውራን የሚናገረው አዲሱ ሳጥን ኩራቷ ነበር። አረንጓዴ ሲበራ «አሁን ይሻገሩ»፣ ቀይ ሲበራ «ይቁሙ» ይላል። ድምፁም የራሷ ነው፤ እርጋታው ልክ እስኪሆንላት አርባ ጊዜ ቀድታዋለች። ቤታቸው አጠገብ ባለው ማቋረጫ የነበረው የበፊቱ ሳጥን በየደቂቃው አንዴ ጠቅ ይል ነበር። የዚያን ፕሮግራም የጻፉት፣ ቸኩለው ስለማያውቁ «ዝግታ» የሚባሉት አዛውንት ባልደረባዋ ናቸው።

«ጋሼ፣ ሳጥንዎ ጥርሱን ያፋጫል» ብላ ሳቀችባቸው። ከዚያም በአዲሱ ሳጥን ውስጥ ቋቱን፣ ማለትም ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ተራ የሚጠብቅበትን ቦታ፣ አሰፋችው። ጠቅታው ጠፋ።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አዲሱ ሳጥን በበፊቱ ቦታ ተተከለ። ለመፈተሻ የሠራችው መንትያው ከትንንሽ መብራቶቹ ጋር በዚያው ሰዓት ጠረጴዛዋ ላይ በራ። ለአባቷ፣ «ሳጥኑን አላምን ብለህ የመኪና ድምፅ መልቀም ከዛሬ ጀምሮ ቀረ። ልጅህን እመን» አለችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንትያውን እንደገና ልትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ድምፁ ኩልል ብሎ ወጣ።

«የኔ እመቤት» አሉ ዝግታ ከኋላዋ፣ «ይሻገሩ ሲልሽ መብራቱ ምን ነበር?»

«አረንጓዴ ነዋ። ምን ሊሆን ኖሯል?»

«እስቲ ዓይንሽን ገልጠሽ እይው።»

ገለጠች። አረንጓዴው በራ፤ ሳጥኑ ዝም። ስምንት ሰከንድ ቆይቶ ጠፋ። ቀዩ በራ። ያኔ የራሷ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ «አሁን ይሻገሩ» አለ።

ሂሳቡ ሳትጠራው መጣባት። ድምፅ ወደሚያሰማው ቺፕ የሚላከው ፍሬም በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ተቆራርጦ ነው፤ ሃምሳው ፍሬም አንድ ሰከንድ ይሞላል። ሳጥኑ ዝም ሲል እንኳ ዝምታው ተቆራርጦ ይላካል። የቺፑ ሰዓት ግን በጣም ትንሽ ይጎተታል። በደቂቃ ሦስት ሺህ ፍሬም ሲላክለት አንዷን ሳያሰማ ይቀራል። በጠባቡ ቋት ያቺ ትርፍ ፍሬም ትጣል ነበር፤ ጠቅ የሚለው እሱ ነው። እሷ ግን ቦታ ሰጠቻት። ሰባት ሰዓት ሙሉ እንዲህ እየተጠራቀመ ድምፁ ከስምንት ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል።

«ጠቅታው ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም እኮ።»

«መች ጠየቅሽኝ። ሳቅሽብኝ እንጂ» አሉ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

አባቷ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ፀጉር አስተካካይ ጓደኛው ዘንድ ለወሬ ይሻገራል። ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው፤ መንገድ ላይ ጆሮዬን ይሻማኛል እያለ ያጠፋዋል።

«የትራፊክ መብራት የሚቆጣጠሩት ዘንድ ይደውሉ፤ ሳጥኑን ያጥፉት» ብላ ወጣች።

በእግር ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ ሮጠችው። ጫማዋ አንዱ ወለቀ፤ አልተመለሰችም። የገፋቻት ሴት ከኋላዋ ስትሰድባት ሰማች። እያንዳንዷ ደቂቃ አንድ ፍሬም እየጨመረች እንደሆነ አእምሮዋ መቁጠሩን አልተወም። ልጅህን እመን ብላዋለች። እሱ ደግሞ ልጄ ያለችውን የሚያደርግ ሰው ነው።

ስትደርስ አረንጓዴው እየጠፋ ነበር። አባቷ ከማዶ፣ ዱላውን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ አንገቱን ወደ ሳጥኑ ዘንበል አድርጎ ድምፁን ይጠብቃል። ቀዩ በራ። አውቶቡስ ተነሣ።

«አሁን ይሻገሩ» አለች ከሳጥኑ ውስጥ።

«አባዬ ቁም» ብላ ጮኸች ከዚህ ማዶ።

አንድ እግሩ ከጠርዙ ወርዶ ነበር። እዚያው ቆመ። አውቶቡሱ የዱላውን ጫፍ መትቶ ከእጁ አስጣለውና አለፈ።

መኪኖቹ እስኪቆሙ የጠበቀችውን ያህል በሕይወቷ ጠብቃ አታውቅም። ተሻግራ ክንዱን ያዘች።

«ሁለት ሆንሽብኝ እኮ» አለ። «አንደኛዋ ሂድ፣ አንደኛዋ ቁም።»

«ታዲያ እንዴት ቆምክ?»

«አንደኛዋ ፈርታ ነበር። ደሞ ያቺ ጠቅ የምትለው የት ገባች? ከወጣሁ ጀምሮ እየፈለግኋት ነው።»

«እኔ ነኝ ያጠፋኋት።»

አባቷ እጅጌዋን ጨምድዶ ያዘ።

ሌላ ሰው ወደ ማቋረጫው እየመጣ ነበር፤ ልጇን ያዘለች፣ ዓይኗን ከስልኳ የማትነቅል ሴት። አረንጓዴው በርቶ ጠፋ። «አሁን ይሻገሩ» አለ ሳጥኑ፣ አርባ ጊዜ በተቀዳው እርጋታ።

«አትስሚው» አለቻት፣ እጇን በሴትዮዋ ፊት ዘርግታ። «ውሸቱን ነው።»

የመብራት ተቆጣጣሪዎቹ የሳጥኑን ኃይል እስኪያጠፉት ድረስ እዚያው ቆመች፤ በአንድ እግሯ ጫማ የላትም፣ አባቷ እጅጌዋን ይዟል። ሳጥኑ ተሻገሩ ባለ ቁጥር ቁሙ ትላለች፣ ዓይኗን ከመብራቱ ላይ ሳትነቅል።