ከውጭ የሚቀረቀር በር

የአሮጌው ወህኒ ቤት ግንብ ከመወፈሩ የተነሳ አይጥ ከውስጥ ወደ ውጭ ስትሻገር ስንቅ ትቋጥራለች። ይሄን ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ «መቀስ» የሚለኝ ወሬ ስለምቀድ ነው። ትምህርት ቤት ግማሹን ብቻ ተምሬ የወጣሁትም የቀረውን ግማሽ በራሴ ስለማውቀው ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ አናጢ ነው። እሱ አይቀድም፤ ይለካል። እስረኞቹ ሌላ ቦታ ተዛውረው ግቢው ባዶውን ከቀረ ወዲህ የከተማው ሰው ድንጋዩን እየፈነቀለ ለአጥሩ ሲወስደው አንጀቱ አልችል አለ። ማዘጋጃ ቤቱን ደጅ ጠንቶ ተረከበው፤ የዘበኞቹን ማደሪያ የእኛ መኖሪያ፣ የእስረኞቹን ክፍሎች የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርግ። ጣሪያ ቀየረ፣ መስኮት አሰፋ፣ ለየክፍሉ አልጋ ሠራ። በሮቹን ግን አልነካቸውም። ወፍራም ጣውላ ናቸው፤ የብረት መቀርቀሪያቸው በውጭ በኩል ነው።

«የቤቱ ነፍስ ይሄ ነው» ይላል ጋሼ፣ መቀርቀሪያውን በዘይት እያሸ። «ይሄን ካነሳሁት ምኑን አሮጌ ቤት ሆነ?»

ሁሉም አልቆ የአባባ ነገር ብቻ ቀረ። እማማ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ጉልበቱ ከድቶታል፤ እሳት ላይ የጣደውን ይረሳል። ጋሼ ከእኛ ጋር ይግባ ባይ ነው። ችግሩ፣ አባባ በጎረምሳነቱ እዚያው ግቢ ታስሮ ነበር። በምን እንደታሰረ፣ እንዴት እንደተፈታ አንድ ቀን ተንፍሶ አያውቅም። እሱ ዝም ሲል እኔ ሞላሁለት፦ አባቴ የዘበኞቹን አለቃ በዳማ ረትቶ ቁልፉን ተቀበለ። ሲያሰኘኝ ደግሞ ግንቡን በቀበቶው ዘለበት ቦርቡሮ ወጣ። አባባ ሲሰማኝ ይስቃል። በአፉ ብቻ።

«አባባ፣ በሞቴ እሺ በለኝ» አለው ጋሼ።

«መጀመሪያ ልየው» አለ አባባ። «አይቼ እነግርሃለሁ።»

ሊያይ የመጣ ዕለት ከማዘጋጃ ቤትም ማረፊያውን ሊጎበኙ መጡ። ጋሼ ለእንግዶቹ ቀልድ ቢጤ አሰናድቷል። እኔ ጥግ ካለችው ክፍል ገብቼ እጠብቃለሁ፤ እሱ እንግዶቹን ይዞ ይመጣና በሩን ይቀረቅርብኛል፤ እኔ ከውስጥ «ኧረ በሕግ! ኧረ ቁርስ እንኳ አልቀመስኩም!» ብዬ እጮሃለሁ፤ ይሳቃል፤ ይከፈታል።

እኔ ግን ከእንግዶቹ ሾፌር ጋር ደጅ ላይ ወሬ ገጥሜ ቀረሁ። ሰውየው ስለ አይጧ ሲሰማ ዓይኑ ፈጦ ነበርና እንዴት ብዬ ልተወው! በዚያ መሃል የጋሼ ሚስት አባባን ግቢውን እያዞረች ስታሳየው ቆይታ ውሃ ልታመጣለት ዞር ስትል፣ እሱ ብቻውን ወደ ጥጓ ክፍል ገባ።

ጋሼ ገርበብ ያለውን በር አየ፤ እኔ ውስጥ ያለሁ መሰለው። ድርግም አድርጎ ዘጋው፤ ቀረቀረው።

«እስረኛ!» አለ። ዝም። በሩን ደበደበ። «ምነው፣ ዛሬ ወሬው ነጠፈብህ?» ዝም።

«ጥፋቱን አምኗል ማለት ነው» አለ ወደ እንግዶቹ ዞሮ። «እስከ ምሳ ይቆይና ይማር!»

እንግዶቹ ከት ብለው ሳቁ። አንዷማ በሩን ተደግፋ ፎቶ ተነሳች። «መቀርቀሪያውን እንዳትነኩት፤ የሚያምረው እሱ ነው» አለች። ከዚያ ወጥ ቤቱን ሊያዩ ሄዱ።

እኔ እየሮጥኩ ስደርስ በሩ ላይ የቀረው ጋሼ እንደ ጅብ አፈጠጠብኝ።

«አንተ! ከየት መጣህ?»

«ከደጅ፤ ሾፌሩን እያጫወትኩ...»

«ውስጥ ማነው ታዲያ?»

ሚስቱ ብርጭቆ ይዛ መጣች። «አባባን አይታችኋቸዋል?»

በሩን ስንከፍት አባባ አልጋው ላይ አልነበረም። አልጋውና ግድግዳው መሃል ወለሉ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ጫማውን አውልቆ በሩ ሥር ደርድሮታል።

«አባባ! ለምን አልተጣራህም? እኔ እኮ ነበርኩ! ድምፄን አላወቅከውም?» አለ ጋሼ።

«አውቄዋለሁ» አለ አባባ፣ ቀና ሳይል። «ሲስቁም ሰምቻለሁ። ሲስቁ አይጮህም።»

ጋሼ ተንበርክኮ ጫማውን አጠለቀለት። ማሰሪያውን እኔ አሰርኩት። ደግፈነው እስከ ትልቁ በር ሄድን። ሁለቱም ተካፋች ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መንገዱ ይታያል። አባባ ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ።

«እንሂድ፣ አባባ።»

ንቅንቅ አላለም። ጋሼ እጅጌውን ሳብ አደረገው።

«ካልተባለ አይታለፍም» አለ አባባ በቀስታ።

ጋሼ ገባው። ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል። እኔም እንደ ዘበኛ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አወፍሬ፣

«ውጣ!» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። አባባ ወጣ።

መንገዱ ላይ ደርሶ ዞረ። ጋሼ ከደፉ ወዲያ እንደቆመ ነው።

«አይቼዋለሁ፣ ልጄ» አለው። «ሥራህ ጥሩ ነው፤ አልጋውም ጥሩ ነው። እኔ ግን አልመጣም።»

ከግቢው ውስጥ የዚያች ፎቶ የተነሳችው ሴትዮ ድምፅ ተጣራ፦ «አናጢው! ያቺን በር አንዴ ይድገሙልን፣ ቪዲዮ ልንቀርጽ ነው!»

ይሄን እንኳ አልቀደድኩትም፤ አባቴ ጉልበቱ የከዳው ሰው ነው። ያን ድምፅ ሲሰማ ግን መንገዱን ይዞ እንዴት እንደገሰገሰ፣ ሮጬም አልደረስኩበትም።