የባቄላው ብድር

ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ከብቱ አለቀ፤ እናቴም ሞተች። ጎረቤታችን ለልጇ ባቄላ በፍሬ እየቆጠረች ትሰጠው ነበር። እሱ ግማሹን ለእኔ እያካፈለ አተረፈኝ።

ዛሬ ሁለታችንም ሸምግለናል። ጓደኛዬ በጣም ወፍሯል፤ ልቡም ደክሟል፤ ሐኪም ክብደት እንዲቀንስ ነግሮታል።

«አንተ ቀጫጫ፣ እስቲ ምከረኝ፤ እንዴት ልቀንስ?» አለኝ።

«ሐኪሙ እንዳለህ የምትበላውን ካሎሪ ቁጠር።»

«ሌላ ምክር የለህም? እህል መቁጠር ያኔ በቅቶኛል!»

ዳግመኛ አልጨቀጨቅኩትም። ከዚያ ወዲህ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ እሄዳለሁ። ሚስቱ ሳህኑን ሞልታ ስታቀርብለት ወንበሬን አስጠግቼ ግማሹን እበላበታለሁ።

«አይ ሆዳም! ዛሬም አልጠገብክም?» ይለኛል እየሳቀ።

«የት ጠግቤ!» እለዋለሁ።

ባይርበኝም እህሉን እውጠዋለሁ። የዚያን ዓመት ባቄላ እንዲህ መለስኩለት።