የማንቆርቆሪያ ብየዳ

ያን ዓመት ደክሞኝ ነበር። ያደከመኝ ሥራው አይደለም፤ አዋሳ ባህል አዳራሽ አጠገብ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሰው ማንቆርቆሪያና ባልዲ ስበይድ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ያደከመኝ ደብዳቤ መጠበቅ ነው። ልጄ ሙሴ ለብሔራዊ ውትድርና ከታፈሰ ስድስት ወር ሆኖታል፤ አንድ መስመር አልጻፈም። ባለቤቴ ታቢታ ማታ ማታ «ደህና ነው አይደል?» ትለኛለች፤ እኔም «ደህና ነው» እላታለሁ።

በሬን አንኳኩቶ ሙሴን የወሰደው ጎረቤታችን ደበሌ ነው፤ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ። እሱው ደበሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ መጣ። ከቱላ ሲመለስ የተሳፈረበት ጋሪ ጭቃ ይውጠዋል። ይኼ ብልህ ሰው የምንሽር ጠመንጃውን አፈሙዝ ከጎማው ሥር ሰክቶ ያነሣበታል። ጋሪው ወጣ፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የምትቆመው ማነጣጠሪያ ግን ተነቀለች። ደግነቱ ፈልጎ አግኝቷታል፤ መሀረቡ ውስጥ ቋጥሮ አመጣት።

በማግስቱ የመሣሪያ ቁጥጥር አለ። አሻጥረኛ ብለው እንደሚያስሩት፣ ሦስት ልጆች እንዳሉት እየተንተባተበ ነገረኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እሱም እኔ ዘንድ መጣ። ታቢታ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችውና ተመለሰች። ጠልቼው ነበር፣ አልዋሽም። ግን ጥላቻም ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ አልነበረኝም።

የብየዳ ካውያዬን ከሰል ውስጥ ከተትኩ። አፈሙዙን በሞረድ ጠርጌ፣ እርሳስ አቅልጬ ማነጣጠሪያዋን አቆምኳት። ጥቀርሻ ስቀባባት የተበየደች አትመስልም። ከዚያ እውነቱን ነገርኩት። እኔ የማውቀው የማንቆርቆሪያ ብየዳ ነው። ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ውሎ የማይፈታው ውስጡ ውኃ ስላለ ነው፤ ውኃው ያለቀ ዕለት እርሳሱ ይንጠባጠባል። ጠመንጃ ውኃ የለውም።

«ደጋግመህ ከተኮስክበት ትወድቃለች» አልኩት፤ ታቢታም ከጓዳ ትሰማለች።

«ጋሼ፣ እኛ የት እንተኩሳለን? ቀበሌ በር ላይ መቆም ነው እኮ» አለኝ።

ተቆጣጣሪዎቹ ጠመንጃውን አገላብጠው አይተው አመሰገኑት አሉ። በሳምንቱ መሣሪያቸው ደህና ነው የተባሉ አሥራ ሁለት ጠባቂዎች ወደ ሰሜን እንዲዘምቱ ስማቸው ተጠራ። ለካ ቁጥጥሩ ለዚህ ኖሯል። ባልበይድለት ቢበዛ ታስሮ ይቀር ነበር። ሄጄ እንዳልናገር አሻጥረኞቹ ሁለታችንም ልንሆን ነው። ዘማቾቹን የጫነው መኪና ሲያልፍ ደበሌን ከላዩ ላይ አየሁት። ማነጣጠሪያዋን በአውራ ጣቱ ደግፎ ይዟታል። እጁን ሊያነሣልኝ ፈልጎ ተወው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሚስቱ ካሰች የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጄን ስታይ ቆየች።

«ጋሽ ኩማ፣ ያንን ጠመንጃ የበየዱት እርስዎ ነዎት አሉ» አለችኝ። «ብየዳው ይይዛል አይደል?»

ታቢታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እኔ ካሰችን ሳይሆን እሷን አየኋት።

«ይይዛል» አልኩ፤ ማታ ማታ «ደህና ነው» በምልበት ድምፅ።

ታቢታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያን ቀን በኋላ ስለ ሙሴ ጠይቃኝ አታውቅም።